ስፒከሩ ኮርኒሱ ላይ የት ይሁን?

ስለ ቤት ውስጥ ድምፅ ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ሰሞኑን እየበዙ የመጡት ስፒከርን ኮርኒስ ውስጥ ስለ መትከል የሚጠይቁት ናቸው። ወለል ላይ ቦታ የማይዝ፣ ገመዱ የማይታይ፣ ሕፃን ገፍቶ የማይጥለው ስፒከር ማን ይጠላል? ይሁንና መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ቦታው ካልተስማማው በእጅ ገፋ ይደረጋል፤ ኮርኒስ ውስጥ የገባው ግን በተቆረጠለት ቀዳዳ ተወስኖ ይኖራል። ስለዚህ ቀዳዳው ከመቆረጡ በፊት መታሰብ ስላለበት ጉዳይ ረዘም አድርገን፣ ስለ ቀሪው አጠር አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን 6 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ የኮርኒሱ ከፍታ 2.70 ሜትር ይሆናል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲጫወት ለዘብ ያለ ሙዚቃ በክፍሉ ሁሉ እኩል እንዲሰማ እንፈልጋለን። የጂፕሰም ባለሙያው አራት ስፒከሮችን በአራቱ ማዕዘን ከመብራቶቹ ጋር አሰልፎ ቢያስገባቸው እንደሚያምር ነግሮናል። ባለቤቴ ደግሞ መሃል ለመሃል ሁለት ይበቃሉ ይላል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ባለሙያውም ባለቤትዎም ስሌታቸውን የጀመሩት ከኮርኒሱ ይመስለናል፤ እኛ ግን ከሚያዳምጠው ሰው ጆሮ እንዲጀምሩ እንመክርዎታለን። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለሉ በግምት 1.10 ሜትር ከፍ ይላል። ይህን ከ2.70 ሜትር ስንቀንስ በኮርኒሱና በጆሮው መካከል 1.60 ሜትር ይቀራል፤ ቀሪው ስሌት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው። አብዛኞቹ የኮርኒስ ስፒከሮች ድምፃቸውን እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ አድርገው የሚለቁ ሲሆን፣ ስፋቱን 90 ዲግሪ ያህል ብለን ብንወስድ በጆሮ ከፍታ ላይ የሚሸፍኑት ክብ የ1.60 ሜትር እጥፍ፣ ማለትም 3.20 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስፒከሮች ከዚህ በላይ ከተራራቁ በመካከላቸው ድምፁ የሚደበዝዝበት ቦታ ይፈጠራል።

እንግዲህ በእርስዎ ሳሎን አራቱ ስፒከሮች ከአጫጭሮቹ ግድግዳዎች 1.50 ሜትር፣ ከረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ደግሞ 1 ሜትር ገባ ብለው ቢተከሉ፣ በርዝመቱ በኩል እርስ በርሳቸው በ3 ሜትር፣ በወርዱ በኩል በ2 ሜትር ይራራቃሉ። ከግድግዳ ያለው ርቀት በስፒከሮቹ መካከል ካለው ርቀት ግማሽ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ይህ ልኬት ለሌሎች ክፍሎችም ያገለግላል። የክፍሉ እምብርት ከአራቱም 1.80 ሜትር ስለሚርቅ ከክቦቹ በጥቂቱ ወጣ ይላል፤ ሆኖም ከአራቱም አቅጣጫ ድምፅ ስለሚደርሰው አይደበዝዝም።

ባለቤትዎ እንዳሉት ሁለት ስፒከሮች በመሃለኛው መስመር ላይ ቢሆኑ ከረጃጅሞቹ ግድግዳዎች 2 ሜትር ይርቃሉ፤ የክቡ ግማሽ ስፋት ግን 1.60 ሜትር ብቻ ነው። ሶፋዎች አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ተጠግተው ስለሚቀመጡ ከክቡ ውጭ የሚሆኑት እንግዶች ናቸው ማለት ነው። ለእነርሱ እንዲሰማ ሲባል ድምፁ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ከስፒከሩ ሥር የተቀመጠው ሰው ይጨነቃል። የማዕዘኑ ሐሳብ ከዚህም የባሰ ነው። ኮርኒሱና ሁለቱ ግድግዳዎች በሚገናኙበት ቦታ ወፍራሙ ድምፅ ከሦስቱም ገጽ እየተመለሰ ስለሚደራረብ ቤዙ ይጎላል፣ የሰው ድምፅ ይታፈናል፤ ከሚወጣው ድምፅ ጥቂት የማይባለውም ሰው የሌለበትን ግድግዳ ሲያዳርስ ይውላል።

90 ዲግሪ የሚለውን ቁጥር እንደ መጨረሻ ወሰን አድርገው ይያዙት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በሰከንድ 2000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ይህም የተለመደው የ16.5 ሳንቲ ሜትር ስፒከር ወርድ ያህል ነው። የሞገዱ ርዝመት ከስፒከሩ ወርድ ጋር መስተካከል ሲጀምርና ከዚያም ሲያጥር ድምፁ መስፋፋቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መውረድ ይጀምራል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ የቀጭን ድምፅ ስፒከር ይህን ጉድለት ለመሙላት የተሠራች ብትሆንም፣ እርሷም ብትሆን በጣም ቀጭኑን ድምፅ ወደ ጎን እስከ መጨረሻው አታዳርስም። ስለዚህ በሁለት ርቀቶች መካከል ሲያመነቱ የሚቀራረበውን ይምረጡ።

የግራውና የቀኙ ድምፅ በዐራቱ ላይ በሰያፍ ይከፋፈል፤ ግራዎቹ በአንድ ወገን፣ ቀኞቹ በሌላው ወገን ከተሰለፉ በአንዱ ጥግ የተቀመጠ ሰው የዘፈኑን ግማሽ ብቻ ሲሰማ ያመሻል። የአምፕሊፋየሩ ኃይል እምብዛም አያሳስብዎ። አንድ ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) የሚያወጣ ስፒከር በ1.60 ሜትር ላይ 84 ዴሲቤል ያህል ያሰማል፤ ይህም ከተለመደ የሰው ንግግር እጅግ የጎላ ነው።

የመብራቱን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ባለሙያውን መበደል ይሆንብኛል፤ የተዘበራረቀ ኮርኒስ ዓይንን እንደሚያውክ እኔም አምናለሁና። መፍትሔው ግን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ በመጀመሪያ የስፒከሮቹ ቦታ ይወሰን፣ ከዚያ አምፖሎቹ ከእነርሱ ጋር ይሰለፉ። አምፖል ግማሽ ሜትር ቢዛወር የክፍሉ ብርሃን ብዙም አይለወጥም። መቀመጫዎቹን በሚኖሩበት ቦታ ያስቀምጡና ከወለሉ ላይ የተመረጠውን ነጥብ በቱምቢ ወደ ኮርኒሱ ያዛውሩ፤ በስፒከሩ ልክ የተቆረጠ ክብ ወረቀት ነጥቡ ላይ ለጥፈውም ጥቂት ቀናት ይኑሩበት። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ይህን ሳላደርግ ሞራሌው የተመቸበት ቦታ ላይ ቆርጬ ነበር፤ ሁለቱም ስፒከሮች ከሶፋው ጀርባ ስለዋሉ የሚያዳምጠው ሁሉ ዘወር እያለ ሲያይ ዓመታት አለፉ።

ጥያቄ፦ ፊልም የምናይበት ክፍል እየሠራሁ ነው። ወለሉ ነፃ እንዲሆን ሁሉንም ስፒከሮች፣ የፊቶቹንም ጭምር፣ ኮርኒስ ውስጥ ባስገባቸው ምን ይጎድላል?

መልስ፦ የሚጎድለው የተዋናዩ አፍና የድምፁ መገናኘት ነው። የሰው ጆሮ ድምፅ ከላይ መምጣቱን ከፊት ከመምጣቱ ለይቶ ያውቃል፤ ፊቱን ቴሌቪዥን ላይ እያዩት ንግግሩ ከጣሪያ ሲወርድ አእምሮ ሁለቱን ለማስታረቅ ይደክማል። ስለዚህ ሦስቱ የፊት ስፒከሮች፣ ግራው፣ ቀኙና በተለይም ንግግሩን የሚሸከመው መሃለኛው፣ ከስክሪኑ ጎንና ሥር በተቻለ መጠን በጆሮ ከፍታ ይሁኑ። ወለሉ ነፃ እንዲሆን ከተፈለገ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩ አሉ፤ እነርሱን ይምረጡ። ምንም አማራጭ ከጠፋ ብቻ፣ ፊታቸው ወደ አድማጩ ዘንበል ተደርጎ የተሠሩ የኮርኒስ ስፒከሮች ከስክሪኑ በላይ ሊገቡ ይችላሉ።

ኮርኒሱ ቦታው የሚሆነው ለከፍታ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለቤት የቀረበው ዶልቢ አትሞስ የተባለው የፊልም ድምፅ ሥርዓት ዝናብን፣ የሚያልፍ አውሮፕላንን፣ የቅጠል ኮሽታን ከራስ በላይ የሚያሰማው በእነዚህ ስፒከሮች ነው። የዶልቢ መመሪያ የሚለካው ከአድማጩ ጆሮ በአግድም ወደ ፊት ከሚዘረጋ መስመር ተነሥቶ ወደ ላይ በሚከፈት ማዕዘን ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ከ65 እስከ 100 ዲግሪ፣ አራት ከሆኑ የፊቶቹ ከ30 እስከ 55፣ የኋላዎቹ ከ125 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሁኑ ይላል። ይህን ወደ ሜትር እንመልሰው። ከጆሮ እስከ ኮርኒስ 1.60 ሜትር በሆነበት ክፍል ሁለቱ ስፒከሮች በ80 ዲግሪ እንዲሆኑ ከአድማጩ ራስ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ፊት ይቀድማሉ። አራት ከሆኑ ደግሞ በ45 ዲግሪ የሚሆኑት የፊቶቹ ከራስ 1.60 ሜትር ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ 1.60 ሜትር ወደ ኋላ ይተከላሉ፤ በ45 ዲግሪ ላይ ከፍታውና አግድም ርቀቱ እኩል ስለሆኑ ይህን ለማስላት ወረቀት እንኳ አያስፈልግም። በወርድ በኩል ከፊተኛው ግራና ቀኝ ስፒከር ጋር በአንድ መስመር ይዋሉ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ሶፋዎ የኋላውን ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ለኋለኞቹ ጥንድ ቦታ የለም። ያለ ቦታቸው ከራስ በላይ ሸጉጦ አራት ከማለት ሁለቱን በትክክለኛው ቦታ መትከል ይሻላል፤ ወይም ሶፋው ወደ ፊት ይምጣ። ትንሿ የቀጭን ድምፅ ስፒከር የምትዞር ከሆነ ወደ መቀመጫው ያዙሯት። የዙሪያ ስፒከሮቹም እንደ ፊቶቹ በጆሮ ከፍታ ይቆዩ፤ እነርሱም ወደ ኮርኒስ ከወጡ የላይና የታች ልዩነት ይጠፋና የከፍታዎቹ መኖር ትርጉም ያጣል።

ጥያቄ፦ ኮርኒሳችን በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል። ስፒከሮቹን የምንገዛው ወደፊት ቢሆንም ገመዱን ከወዲሁ ልንዘረጋ አስበናል። ምን ዓይነት ገመድ፣ በምን ያህል ውፍረት?

መልስ፦ አስቀድማችሁ ማሰባችሁ መልካም አድርጋችኋል። የገመዱ ተቃውሞ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በውስጡ ሲያልፍ የሚገጥመውና በኦም የሚለካው እንቅፋት፣ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ የተለመደ ልኬት ነው። አምፕሊፋየሩ ከስፒከሩ 20 ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መዳቡ 40 ሜትር ይሆናል። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የ40 ሜትር መዳብ 0.46 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ከ5 በመቶ በጥቂቱ ያልፋል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 0.28 ኦም ወርዶ 3.4 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ እስከ 15 ሜትር ድረስ 1.5፣ ከዚያ ለራቀው 2.5 ይዘርጉ።

ንጹሕ መዳብ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከላይ ሲያዩት ልዩነት የለውም፤ አንዷን ክር በቢላ ሲፍቋት ግን ውስጧ ነጭ ሆኖ ይታያል። ተቃውሞው ከመዳብ ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። የተሰበረው ደግሞ የተዘጋ ኮርኒስ ውስጥ ነው።

የስፒከሩ ገመድ ከቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ መሻገር ግድ ከሆነም በ90 ዲግሪ አቋርጦ ይለፍ። ሁለቱን በአንድ ቱቦ ማሳለፍ ለእሳትም ለሕይወትም አደጋ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም። በየስፒከሩ ቦታ ቢያንስ 1 ሜትር ትርፍ ጠቅልለው ይተዉ፤ ሁለቱንም ጫፎች ላይ የክፍሉን ስምና ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን ይጻፉ፤ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊትም ከግድግዳው የሚለካው ሜትር በፎቶው ውስጥ እንዲታይ አድርገው ሁሉንም ፎቶ ያንሡ። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ገመድ ሁለት ክሮች በአንዱ ጫፍ አገናኝተው በሌላው ጫፍ በቴስተር ይለኩ፤ ከላይ ከጠቀስነው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ካሳየ ገመዱ ደኅና ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ያሉ ስምንት ስፒከሮችን በአንድ ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር አገናኘሁ። ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል አምፕሊፋየሩ ራሱን ያጠፋል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እስካሁን ራሱን እየጠበቀ ይመስላል። በአንድ ቻናል ላይ አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ትይዩ፣ ማለትም እያንዳንዱ በቀጥታ ከቻናሉ ጋር፣ ሲገናኙ ለአምፕሊፋየሩ 2 ኦም ይሆኑበታል፤ ብዙዎቹ የቤት አምፕሊፋየሮች ደግሞ ከ4 ኦም በታች እንዲሸከሙ አልተሠሩም። አራቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ አንዱን ከሌላው አስከትለው፣ አገናኝተው፣ የተገኙትን ሁለት ጥንዶች ትይዩ ቢያደርጓቸው እንደገና 8 ኦም ይሆናሉ። ለየክፍሉ የተለየ የድምፅ መቆጣጠሪያ ከፈለጉ ኦሙን የሚያመዛዝን መቆጣጠሪያ፣ ወይም ብዙ ቻናል ያለው አምፕሊፋየር ይግዙ።

ጥያቄ፦ የጂፕሰም ኮርኒሱን ራሴ ልቆርጥ እችላለሁ?

መልስ፦ እጅዎ ረጋ ያለ ከሆነ ይችላሉ። በቅድሚያ የክፍሉን ብሬከር ያጥፉ፣ የዓይን መከላከያና የአቧራ ጭንብል ያድርጉ። በክቡ መሃል ትንሽ ቀዳዳ በድሪል ይብሱና ጠንካራ ሽቦ በ90 ዲግሪ አጥፈው ያስገቡ፤ የታጠፈው ክንድ ከክቡ ግማሽ ስፋት በጥቂት ሳንቲ ሜትር የረዘመ ይሁን። ሽቦውን ሙሉ ዙር ሲያዞሩት አንዳች ነገር ከነካ ሞራሌ፣ ቱቦ ወይም ገመድ አለ ማለት ስለሆነ ቦታውን ይለውጡ፤ ትንሿን ቀዳዳ በስቱኮ መድፈን ቀላል ነው። ለስፒከር ሲባል ሞራሌ አይቆረጥም። ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ለስፒከሩ ጥልቀት መብቃቱንም በዚያው ሽቦ ይለኩ። ከዚያ ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ክቡን አስምረው በጂፕሰም መጋዝ ቀስ ብለው ይቁረጡ። ስፒከሩን የሚይዙትን ጆሮ መሰል መያዣዎች በእጅ ካቻቢቴ ይጥበቁ፤ በድሪል ሲጠብቁ ጂፕሰሙን ይሰብሩታል። ኮርኒሱ በብረት ፍርግርግ ላይ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከሆነ ክብደቱ በሰሌዳው ላይ አይረፍ፤ ከፍርግርጉ ጋር የሚያያዝ ደጋፊ ብረትና ከላይ ካለው መዋቅር ጋር የሚታሰር የደኅንነት ሽቦ ያስፈልገዋል። ኮርኒስ የሌለው ባዶ ሶሌታ ከሆነ ግን አይነካ፤ ሶሌታው ውስጥ ሸክሙን የሚይዝ ብረት አለ። በላዩ ላይ የሚለጠፉ ስፒከሮች ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ ከታች ሙዚቃ ስንከፍት ፎቅ ላይ የተኙ ልጆች ይነቃሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የስፒከሩ ጀርባ ክፍት ከሆነ ወደ ታች የሚያሰማውን ያህል ወደ ላይም ያሰማል። ጀርባውን በዝግ ሳጥን መሸፈን፣ በዙሪያውም ሮክውል የሚባለውን የማዕድን ሱፍ መሙላት ብዙ ይረዳል። ሳጥኑ ግን አምራቹ ከሚለው መጠን ማነስ የለበትም፤ በጠባብ ሳጥን የታሸገ አየር እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ ስለሚሆን ቤዙ ይቀንሳል። ሱፉም ክፍት የሆነውን የስፒከሩን ጀርባ እንዳይነካ ይሁን። በሁለት ፎቆች መካከል ያለ የጂፕሰም ኮርኒስ እሳት ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያዘገይ መከላከያ ጭምር ነውና፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ እሳት የሚቋቋም ቆብ ማድረግን እንደ ቅንጦት አይቁጠሩት። ቤዙ ራሱ ግን በግድግዳና በሞራሌ ስለሚጓዝ ሳጥን ብቻውን አያቆመውም፤ በማታ ቤዙን ከአምፕሊፋየሩ ላይ መቀነስ ሳይሻል አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ስፒከሮች ይሠራሉ፤ መሃላቸው ስቆም ግን ቤዙ ይጠፋል፣ ወደ አንዱ ስጠጋ ይመለሳል። ስፒከሮቹን ልመልሳቸው?

መልስ፦ አይመልሷቸው። አንዱ በተገላቢጦሽ ታስሯል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉና የ1.5 ቮልት ባትሪ በገመዱ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ያስነኩ፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ሲነካ የስፒከሩ ሸራ ወደ ክፍሉ ብቅ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ የገባው ስፒከር ላይ ሁለቱን ክሮች ያቀያይሩ።